ከአላስዴር ግሬይ ጋር ወደ ሐዋሳ፦ የአራት ቀን ማስታወሻ

ሐሙስ

ከቃሊቲ መናኸሪያ የተነሣነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ ልብስ፣ ባዶ የስዕል ደብተርና አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለ። መጽሐፉን የላከልኝ ግላስጎው የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ደራሲው እንዳንቺው ሠዓሊ ነው፤ ትወጂዋለሽ» ብሎ ጽፎልኛል። እውነቱን ነው። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ሁለት ወር ፈጀብኝ። እንደጨረስኩ ደግሞ እንደገና ጀመርኩት።

የመጽሐፉ ስም «ላናርክ» ነው። ደራሲው አላስዴር ግሬይ። በ1934 እ.ኤ.አ. ግላስጎው፣ ስኮትላንድ ተወለደ። (የእሱን ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አባቱ ካርቶን የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር። እናቱን በ17 ዓመቱ አጣ። ልጅነቱን በአስምና በቆዳ በሽታ ተሠቃይቷል። ከዚያ ግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ የግድግዳ ስዕል ተማረ። ላናርክን መጻፍ የጀመረው ያኔ ተማሪ እያለ ነው። መጽሐፉ የታተመው ግን በ1981 ነው፤ እሱ 46 ዓመት ሞልቶት። ወደ 30 ዓመት ገደማ አንድ መጽሐፍ ይዞ መኖር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በመሀሉ አስተምሯል፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ድራማ ጽፏል፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስሏል። መጽሐፉን ግን አልተወውም።

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። መቂን አለፍን። ባቱን አለፍን፤ እኔ ያደግኩት ዝዋይ እያልኩ ስለሆነ አሁንም ያመልጠኛል። ከቡልቡላ በኋላ ላንጋኖ በግራ በኩል ብቅ አለ። ውሃው እንደ ሻይ በወተት ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከቲማቲም ዘንቢላቸው ጋር እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከፊት ያለው ልጅ መስኮቱን ከፍቶ ነፋሱን በአፉ ይቀበላል።

ላናርክም በጉዞ ነው የሚጀምረው ማለት ይቻላል። ሰውየው ባቡር ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ከየት እንደመጣ አያስታውስም። ስሙን እንኳ አያውቅም። ባቡሩ ውስጥ ከተሰቀለ ፎቶ ላይ የአንድ ቦታ ስም ያነብና የራሱ ስም ያደርገዋል። የሚወርድባት ከተማ ፀሐይ የላትም። ሰዎች አሉ፣ ካፌ አለ፣ መሥሪያ ቤት አለ፣ ብርሃን ግን የለም። እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሰማዩን ያያል፤ ፀሐይ ይጠብቃል። አንዳንዱ ሰው ቆዳው ቀስ በቀስ ወደ ዘንዶ ቆዳ ይለወጣል። ደራሲው በልጅነቱ የታመመውን ቆዳ ሳስታውስ ይህን ክፍል ሳነብ እጄን አሻሸሁ።

መጽሐፉ አራት ክፍል አለው። ግን የሚጀምረው በሦስተኛው ነው። ከዚያ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ በመጨረሻ አራተኛው። መደምደሚያው ደግሞ መጽሐፉ ሳያልቅ፣ ጥቂት ምዕራፎች ሲቀሩት ይመጣል። እዚያ ደራሲው ራሱ ከገጸ ባሕሪው ጋር ቁጭ ብሎ ይከራከራል። ከማን ከማን ሐሳብ እንደወሰደም በዝርዝር ይናዘዛል። እኔ እንዲህ ዓይነት ብልጠት የሚሰለቸኝ ሰው ነኝ። የብዙ ጸሐፊዎች ብልጠት «እዩኝ» ይላል። የግሬይ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ መሀል ክፍሎች አንድ ደሃ ሠዓሊ ግላስጎው ውስጥ ሲያድግ የሚተርኩ ናቸው። እውነተኛ ከተማ፣ እውነተኛ ዝናብ፣ እውነተኛ የእናት ሞት። ያቺ ፀሐይ የሌላት ከተማ የዚችው ከተማ ቅዠት እንደሆነች የሚገባችሁ ያኔ ነው። ቅደም ተከተሉን ያዘበራረቀው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ቁስሉን ያሳያችኋል፤ ከዚያ እንዴት እንደቆሰለ ይነግራችኋል።

ሻሸመኔ ላይ እንደተለመደው ተጨናንቀን ቆምን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለእኔ መንገድ አይደለም፤ ግቢ ነው። ጥቁር ውሃን ስንሻገር ዓይኔ እንባ አቀረረ። አክስቴ አቶቴ ነው የምትኖረው። በባጃጅ ደረስኩ። በሩን ከፍታ ሳታቅፈኝ በፊት «ከስተሻል!» አለችኝ።

ዓርብ

ለምን እንደመጣሁ ዛሬ ልጻፍ።

ላናርክ ውስጥ ሁለት የስዕል ተማሪዎች ከፍታ ላይ ቆመው ግላስጎውን ቁልቁል ያያሉ። አንደኛው «ድንቅ ከተማ ናት፤ ለምንድን ነው የማይታወቀን?» ይላል። ሌላው የሚመልሰው መልስ ነው ሐዋሳ ድረስ ያመጣኝ። እዚህ እንኖራለን ብሎ የሚያስብ ሰው ስለሌለ ነው ይለዋል። ፓሪስን፣ ለንደንን፣ ፍሎረንስን ማንም ሰው ሄዶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ እንግዳ አይሆንባቸውም። በስዕል፣ በልብ ወለድ፣ በፊልም አይቷቸዋል። የጥበብ ሰው ያልነካት ከተማ ግን የራሷ ልጆችም በሐሳባቸው አይኖሩባትም። ቤት ትሆናለች፣ ሥራ ቦታ ትሆናለች፣ ኳስ ሜዳ ትሆናለች፤ ከዚያ አታልፍም።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። በትምህርት ቤት ያነበብኳቸው ልብ ወለዶች ውስጥ ሰዎች የሚዋደዱት አራት ኪሎ ነው፤ የሚለያዩት ፒያሳ ነው፤ የአዲስ አበባው ፒያሳ። ሐዋሳ ከመጣች የጫጉላ ሽርሽር ሆና ነው። ሁለት ሰዎች ጀልባ ላይ፣ ከኋላቸው የምትጠልቅ ፀሐይ። እኔም ስዕል ስማር ሐዋሳን የሳልኩት እንደዚያው ነበር። ጀልባውን ማን እንደሚቀዝፈው አንድ ቀን ስዬ አላውቅም።

ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ አሞራ ገደል ወረድኩ።

አሞራ ገደልን ለማያውቅ ሰው፦ ሐይቁ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ ነው። ጀልባዎቹ ሌሊት የጣሉትን መረብ ይዘው ማለዳ ይገባሉ። ቆሮሶው በገመድ ተሰክቶ ይወርዳል፤ አምባዛው ለብቻው ይጣላል። ወጣቶች በቢላ ቅርፊቱን ይፍቁታል፤ አንጀቱን ወዲያ፣ ሥጋውን ወዲህ። አባ ኮዳዎቹ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ራሰ መላጣ ወፍ፣ ሰው አጠገብ እንደ ጎረቤት ቆሞ። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ አለ። ሾርባውን በብርጭቆ የሚጠጣ አለ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ያያሉ። ሽታው ከልብስ ለሁለት ቀን አይለቅም።

ግሬይ በ1977 አንድ ሥራ አገኘ። ፒፕልስ ፓላስ የሚባለው የግላስጎው ሙዚየም የከተማዋ መዝጋቢ ሠዓሊ አድርጎ ቀጠረው። ፎቶ አንሺ ሳይሆን ሠዓሊ። የሚፈርሱ ሠፈሮችን፣ መንገዶችን፣ የሚሠሩ ሰዎችን በየቦታቸው እየሄደ ሳለ። የሳላቸው ታዋቂ ሰዎችን ብቻ አልነበረም። ጥቁር መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለሙ ዝርግ ነው፤ ሰውየው ከሥራ ዕቃው ጋር ቁጭ ብሏል። ስሙም ሥራውም ስዕሉ ላይ ይጻፍለታል። የንጉሥ ስዕል ላይ የሚደረገውን ክብር እሱ ለጎረቤቱ አደረገው።

እኔም አንድ የተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀመጥኩና ፊት ለፊቴ መረብ የሚጠግኑትን ሰው መሳል ጀመርኩ። ስልሳ የሚሆናቸው ናቸው። የመረቡን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ይዘውታል። በመርፌው ክሩን ያስገባሉ፣ ያዞራሉ፣ ይስባሉ። እጃቸውን ሳያዩ ነው የሚሠሩት። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው ልጄ?»

«እየሳልኩዎት ነው ጋሼ። ካልደበረዎት።»

«ለምኑ?»

መልሱ ቀላል አልነበረም። ለሽያጭ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። የዚህ ከተማ ልጅ መሆኔን፣ እዚህ የሚሠራውን ሰው ስዬ ማስቀመጥ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ስጠራ እጃቸው ቆመ። «መምህሩ!» አሉ። ታላቅ ወንድማቸውን አስተምሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ኮፍያቸውን አስተካክለው በወጉ ተቀመጡልኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሳልኳቸው። ሲያዩት ስለ ፊታቸው ምንም አላሉም። ጣታቸውን ከጀርባ ያለችው ጀልባ ላይ አደረጉ። «ቢጫው የታለ?» አሉኝ። ጀልባቸው በጎኗ ቢጫ መስመር አላት። እኔ የያዝኩት እርሳስና ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። «ያለ ቢጫው የእኔ መሆኗን ማን ያውቃል?» አሉ። ቆጣ ብለው ነው። እንዲያውም የመረቡን ተንሳፋፊዎች ቁጥር ቆጥረው ሁለት እንደጎደለ ነገሩኝ። ጨመርኩት። እሑድ ጠዋት ቢጫውን ቀብቼ እንደምመለስ ቃል ገባሁ።

የሰው ስዕል ስሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እንደዚያ በጥንቃቄ የተመለከተልኝ ሰው አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ ብዙ የሚወራ የለም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ትንሽ ተቀመጥኩ፣ ሁለት ሊስትሮዎች ሳልኩ፣ አንዲት ቡና የምታፈላ ልጅ ሳልኩ። እሷ ሲኒዎቿን ብቻ እንድስል ፈቀደችልኝ።

ቅዳሜ

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋትም አላባራም። ከአክስቴ ጋር ቡና ስናፈላ ዋልን። ዋሳ፣ ማለትም ቆጮ፣ በቅቤ አቀረበችልኝ። መጽሐፉን አገላበጠችው። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ስዕሎቹን ግን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። አራተኛው ክፍል መክፈቻ ላይ ከብዙ ትንንሽ ሰዎች የተሠራ አንድ ግዙፍ ንጉሥ አለ፤ ሰይፍ ይዞ ከአገር በላይ የቆመ። ሐሳቡ ከድሮ የእንግሊዝ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ግሬይ ግን ከንጉሡ ሥር ያለውን አገር ስኮትላንድ አድርጎታል። አክስቴ ጣቷን ሰዎቹ ላይ እያስኬደች «እነዚህ ሁሉ እሱ ውስጥ ናቸው?» አለች። «አዎ» አልኳት። «ይጨንቃቸዋላ!» አለች።

ግሬይ የመጽሐፎቹን ሽፋን፣ የውስጥ ስዕል፣ የፊደሉን አቀማመጥ ሳይቀር ራሱ ነበር የሚሠራው። ይህን ሳይ የማስበው የእኛን ቁም ጸሐፊዎች ነው። ብራና ላይ የሚጽፈው፣ ሐረጉን የሚስለው፣ ቀዩን ቀለም የሚያዘጋጀው አንዳንዴ ያው አንድ ሰው ነበር። ጽሑፍና ስዕል ሁለት ሙያ የሆኑት ኋላ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ሠዓሊ ነበሩ። ጣሊያን አገር የተላኩት ስዕል ሊማሩ ነው። በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሮም ያሳተሙት ልብ ወለድ ዛሬ የሚጠራው በጀግናዋ ስም ነው፤ ጦቢያ። ጦቢያ ደግሞ ኢትዮጵያ ማለት ነው። አገር በሴት ልጅ ተመስላ።

ግሬይም ይህንኑ አድርጓል። በ1992 የወጣው «ፑር ቲንግስ» የሚባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ቤላ የምትባል ሴት አለች። ሞታ በሐኪም እጅ እንደገና የተነሣች ናት ይላል አንደኛው ተራኪ። ዓለምን ከዜሮ ትማራለች። ግሬይ ራሱ በሳለው ምስል ላይ «ቤላ ካሌዶኒያ» ብሎ ጽፎባታል። ካሌዶኒያ የስኮትላንድ የጥንት ስም ነው። ጉዳዩ ግን እዚህ አያበቃም። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ራሷ በደብዳቤ ትናገራለች። ባሌ የጻፈው ውሸት ነው፣ እኔ ሞቼ አልተነሣሁም፣ የራሴ ታሪክ አለኝ ትላለች። የማንን እንመን? ግሬይ አይነግረንም። እኔ ይህን የማነበው እንዲህ ነው፦ አገርን ምሳሌ አድርገህ ብትስላት እንኳ እሷ አፍ አላት። ስለ እሷ የተጻፈውን ልታስተባብል ትችላለች። ጦቢያ አንድ ቀን እንደዚህ ብታናግረን ምኞቴ ነው።

ከ«ፑር ቲንግስ» የተሠራው ፊልም በ2023 ወጣ። ዋና ተዋናይዋ ኦስካር አገኘችበት። ፊልሙ ግን ታሪኩን ከግላስጎው አንስቶ ለንደን አስገባው። ውብ ፊልም ነው። እኔ ግን አዝኛለሁ። ዕድሜውን ሁሉ «ይህች ከተማ ትታይ» ሲል የኖረ ሰው፣ ዓለም ሁሉ ያየው ሥራው ላይ ከተማው የለችም።

አክስቴ ሁለተኛውን ስትቀዳ «ታዲያ ይሄ ሰውዬ አገሩ የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኛ ሰውን የምንጠይቀው እንዲህ ነው። አገርሽ የት ነው? አገር የተወለድሽበት ቀዬ ነው። አገር ደግሞ ኢትዮጵያ ነው። አንድ ቃል ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ገጣሚም ሠዓሊም ነበር፤ «አገሬ» ብሎ የጻፈው ግጥም ሁለቱንም ትርጉም ይዟል ብዬ ነው የማምነው። ሐረር ተወልዶ አሜሪካ ያረፈ ሰው ነው።

ስኮትላንድም እንዲሁ ነች አልኳት ለአክስቴ። ስም አላት፣ ሕዝብ አላት፤ ግን ከ1707 ጀምሮ ከእንግሊዝ ጋር በአንድ መንግሥት ሥር ናት። ፓርላማዋ ወደ 300 ዓመት ገደማ ተዘግቶ ቆይቶ በ1999 እንደገና ተከፈተ። በ2014 እንገንጠል አንገንጠል ብለው ድምፅ ሰጡ። 55 በመቶው አንገንጠልም አለ። ግሬይ እንገንጠል ከሚሉት ነበር።

አክስቴ ዝም አለች። እሷም በኅዳር 2012 በራሳችን አቆጣጠር ተሰልፋ ድምፅ ሰጥታለች፤ ሲዳማ ክልል ይሁን ብላ። የተሰለፈችው ሌሊት ነው። ያን ቀን ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። «ስማችን ወረቀት ላይ ይጻፍ ነው ያልነው» አለችኝ። «አንቺስ?» ብትለኝ የምመልሰው አጥቼ ነበር፤ አላለችም። እናቴ የእሷ እህት ናት፤ ሲዳማ። አባቴ ከሰሜን ሸዋ ተመድቦ የመጣ መምህር ነው። አርባ ዓመት አስተምሮ እዚሁ ተቀበረ። ልጅ እያለሁ አንድ ጎረቤት በጠብ መሀል «መጤ» ብሎታል። አባቴ አልመለሰለትም። ማታ ግን እራት አልበላም።

ስለዚህ ግሬይን በዚህ ነገር ላይ በጥንቃቄ ነው የማነበው። በፈረንጆቹ 2012 አንድ መጣጥፍ ጽፎ ነበር። ስኮትላንድ መጥተው የሚሠሩ እንግሊዞችን ሁለት ቦታ ከፈላቸው። መጥተው የሚቀሩና ሹመት ይዘው ቆይተው የሚሄዱ። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔም ሳነበው ከፋኝ። አንድን ሰው በመጣበት መንገድ መመደብ የት እንደሚያደርስ እዚህ አገር ያደገ ሰው ያውቀዋል። እዚህ ላይ አልከተለውም። ግን ይኸው ሰውዬ ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ስኮትላንድ ራስን ማስተዳደር በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ላይ፣ ስኮትላንዳዊ የምለው እዚህ የሚኖረውንና ድምፅ መስጠት የሚችለውን ሰው ሁሉ ነው ብሏል። ደም አልጠየቀም። አያት አልቆጠረም። የማደንቀው ያንን ግሬይ ነው። ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን ደግሞ ልደብቅ አልፈልግም።

ለአክስቴ ያንን ስነግራት «የሚኖረው ሁሉ?» አለችኝ።

«የሚኖረው ሁሉ።»

«እንግዲያ አባትሽ አለበት» አለች።

ሲኒዋን አስቀመጠች። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ምንም አላልንም።

ወደ 9 ሰዓት ዝናቡ ቆመ። ታቦር ተራራ ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ አንድ ትንሽ ልጅ እጄን ይዞ አወጣኝ። ከላይ ስታዩ ከተማዋ ቀጥ ባሉ ሰፋፊ መንገዶች የተከፈለች ናት። የተቆረቆረችው በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ብዙዎቹ ዛፎች ከአክስቴ ያንሳሉ። ከጀርባ ሐይቁ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። መውጫ የሌላቸው ሐይቆች ብዙ ጊዜ ይጨዋሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ዓሣ ያበላናል። እዚያ ቁጭ ብዬ ሙሉውን ሳልኩት። መንገዱን፣ ጣሪያውን፣ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ፣ ባጃጆቹን እንደ ነጥብ። ፀሐይዋን አልሳልኳትም። ልጁ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ የራሱን ቤት ፈለገ። አሳየኝ፤ ጨመርኩለት።

የስኮትላንድ ፓርላማ ውጪ ግድግዳ ላይ ከተቀረጹት ጽሑፎች አንዱ ከግሬይ ስም ጋር የሚጠራ ነው። የተሻለች አገር ገና በምትጀምርበት ማለዳ ላይ እንዳለህ ሆነህ ሥራ ይላል። ሐሳቡን ያገኘሁት ከካናዳዊው ገጣሚ ዴኒስ ሊ ነው እያለ እሱ ራሱ ሲናገር ኖሯል። የአጎቴ ልጅ የዚያን ግድግዳ ፎቶ ልኮልኛል። ታቦር ላይ ስልኬን ከፍቼ አየሁት። የገረመኝ «ሥራ» የሚለው ነው። ተስፋ አድርግ አላለም። የእሱ ሥራ ብዙው ፈርሷል። ወጣት እያለ ዓመታት የፈጀበትና የፍጥረትን ቀናት የሳለበት የቤተ ክርስቲያን ስዕል ከነሕንፃው ወድሟል። እሱ ግን እስከ እርጅና ግድግዳ መሳሉን አላቆመም። በ2012 ሂልሄድ የሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከተማዋን ከነሰዎቿ ስሎ ጨረሰ። በ2015 ከደረጃ ወድቆ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላም የጥንቱን ጣሊያናዊ ገጣሚ ዳንቴን ወደ ራሱ እንግሊዝኛ ሲያመጣ ቆየ። ያረፈው በታኅሣሥ 2019 ነው፤ 85 ዓመት በሞላው ማግስት።

ማታ ቢጫ ቀለም ፈለግኩ። ቤት ውስጥ የለም። ሱቅ ተዘግቷል። አክስቴ ማጀት ገብታ በትንሽ ጣሳ እርድ ይዛ ወጣች። «በውሃ በጥብጪው፤ እኔ ልብስ ሲነካ የማይለቀውን አውቀዋለሁ» አለች። በጠብታ ውሃ በጠበጥኩት። በትንሿ ብሩሽ የጀልባዋን ጎን ቀባሁ። እንደ ቅቤ የሚያበራ ቢጫ ሆነ። ክፍሉ ወጥ ወጥ ሸተተ።

እሑድ

ሚኒባሱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት አሞራ ገደል ደረስኩ። ቅዳሴ ላይ ስለሆኑ ይሆናል፣ ገበያው ቀዝቀዝ ብሏል። አባ ኮዳዎቹ ግን አሉ።

መረብ ጠጋኙ ጋሼ እዚያው ቦታ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ለራሴ የስልክ ፎቶ አንስቼ አስቀርቻለሁ፤ ዋናው የእሳቸው ነው። ወደ ብርሃኑ ዞረው አዩት። ጣታቸውን ቢጫው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ አፍንጫቸው ጋ አስጠጉት።

«እርድ ነው» አሉ።

«እርድ ነው ጋሼ።»

ልጃቸውን ጠሩት። ወደ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ድረስ እርጥብ። አየና «አባዬ፣ መርፌውን የያዝክበት ልክ ነው» አላቸው። ስማቸውንና ሥራቸውን ከታች እንድጽፍ ጠየቁኝ። ጻፍኩ። ቀኑንም። «ሐዋሳም በይበት» አሉ። ጨመርኩ።

ልጁ ከሾርባ ቤቷ የእንጨት ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር ነቀለ፤ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎበት የነበረ ነው። በድንጋይ መልሶ መታው። ወረቀቱ ትንሽ ተዘነጠለ። ጋሼ «ወደ ግራ» አሉት፣ «ዝቅ»፣ «በቃ»። ሾርባ የሚጠጡ ሦስት ሰዎች ብርጭቆአቸውን ይዘው ተነሡና ሊያዩት መጡ።